ኦቨኑን ማን መረጠው

ሸፊቃ የተናደደችው ገና በጠዋቱ ነው፤ አናጢው አግማስ ሜትሩን ዘርግቶ «ኦቨኑ የሚገባው እዚህ ጋ ነው» ባላት ጊዜ።

የሚያሳያት ቦታ ከአንድ ሰው ትከሻ ብዙም የማይሰፋ ክፍተት ነው። ግራና ቀኙን የአዲሱ ካቢኔት እንጨት ቆሞበታል። ሸፊቃ ክፍተቱን አየች፣ አግማስን አየች፣ እንደገና ክፍተቱን አየች።

«ምኑ ነው የሚገባው?»

«ኦቨኑ ነዋ።»

«የማን ኦቨን?»

አግማስ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መልሶ ሰካው። «እትየ ሸፊቃ፣ ልኩን የሰጡኝ ሐጂ ናቸው። ኦቨኑ ተመርጦ አልቋል ነው ያሉኝ። እኔ በታዘዝኩት ነው የሠራሁት።»

ተመርጦ አልቋል! ደሟ ፈላ። አግማስን ምን ትበለው፤ ድሃ እንጀራውን ነው የሚፈልገው። ሻይ ቀድታ ሰጠችውና ባሏ ለምሳ እስኪመጣ በፈረሰው ማዕድ ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆየች።

ነገሩ የአንድ ዕቃ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሸፊቃ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤት ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ የምትሠራበትን ምድጃ አንድም ቀን መርጣ አታውቅም። የመጀመሪያውን የጋዝ ላምባ ምድጃ አማቷ መረጡት፤ ጥላሸቱን ግን ስትፍቅ የኖረችው እሷ ናት። ቀጥሎ የባሏ ወንድም ከጅዳ ሲመጣ ባለ አራት ምድጃ ኦቨን ይዞ መጣ፤ እሱን ለመደችው፣ ወደደችውም። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ እሱም አብሮ ሄደ። ከሽሽት ተመልሳ ስትገባ ግድግዳው ላይ የቀረው የቆመበት ጥቁር ምልክት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ እንግዳ፣ ያ ሁሉ ሰደቃና መውሊድ በሁለት የከሰል ምድጃና በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲስተናገድ ኖረ። ሸፊቃ አንድም ቀን አላጉረመረመችም። የባሏ የሐጂ ዓብደላ ንግድ ቀና ብሎ «ማዕድ ቤቱን እናድሰው» ሲላት ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ሴራሚኩንም፣ ካቢኔቱንም፣ ቀለሙንም አንተ እንዳሻህ አድርገው። ምድጃውን ግን እኔ ልምረጥ።»

«ኢንሻአላህ» አላት።

የሐጂ ዓብደላ ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የልቡ ነው። ሁለተኛው የሰው አፍ መዝጊያ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ሸፊቃ ለይታ ማወቅ ነበረባት፤ ግን ሰው የሚወደውን ሲሰማ ጆሮው አይመረምርም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ሰው አንቱ ይለዋል፤ በዚህ ታሪክ ግን አንቱታው ይቅርበት።

ለምሳ መጣ። እጁን ታጥቦ ቢስሚላህ ብሎ መብላት ጀመረ። ሸፊቃ ሁለት ሦስቴ እስኪጎርስ ታገሰችው።

«ኦቨኑን መረጥከው አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ከሱ ተገላገልን።»

«እኔ እመርጣለሁ አላልኩህም ነበር?»

«ኦቨን ያው ኦቨን ነው፣ ሸፊቃ። ይሄኛው በጣም ቆንጆ ነው። ላዩ መስታወት ነው። በጨርቅ ጠረግ ስታደርጊው ፊትሽን ያሳይሻል።»

«በምንድነው የሚሠራው?»

«በኤሌክትሪክ ነዋ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ዓብደላ፣ አንተ የምትኖረው የት አገር ነው? ትናንት እራትህን በስልክ መብራት አይደለም የበላኸው? መብራት ሲጠፋ መስታወቱ ላይ ፊቴን እያየሁ ልዋል? የመውሊዱን ድስት ብጥድበትስ ስንጥቅ አይልም?»

«የመውሊዱን ድስት እንደ ድሮው ውጭ በከሰል ትጥጂዋለሽ።»

«ታዲያ ኦቨኑ ለምኔ ነው?»

«ለቤቱ!» አለ ሐጂ ዓብደላ፣ ግልጽ ነገር ያልገባት ይመስል። «እንግዳ ሲመጣ ለቤቱ ግርማ ሞገስ ነው።»

እሱ ለቤቱ ግርማ ሞገስ ይገዛል፤ እሷ ጓሮ ከሰል ስታራግብ ዓይኗ ይጥፋ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕድ ቤት ሞልቷል። ላስቲኩ ያልተላጠ ኦቨን ሳሎን አጠገብ ይገተራል፤ ሴትዮዋ ጓሮ ናት።

«አልፈልገውም» አለች። «ሰፊውን ባለ ጋዙን ግዛልኝ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

ውኃ ጠጣ። «አይሆንም አልኩሽ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለ… ለባለ ሱቁ ነዋ። ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ለዐቂል።»

«እንግዲያው ነገ ኮምቦልቻ ወርጄ ዐቂልን ራሴ አናግረዋለሁ።»

ሐጂ ዓብደላ ይህን ሲሰማ ድንገት ስለ ጤናዋ የሚያስብ ሰው ሆነ። የኮምቦልቻ ሙቀት ለደም ግፊቷ እንደማይስማማ፣ የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ እንደሆነ፣ ሚኒባሶቹ እንደሚከንፉ አንድ በአንድ ነገራት። ባለፈው ክረምት ራሷን ስታ የወደቀች ጊዜ እንኳ ስለ ደም ግፊቷ ይህን ያህል አልተናገረም። «ሐሙስ አብረን እንወርዳለን፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ተነሣ። ይህኛው የትኛው ኢንሻአላህ እንደሆነ ሸፊቃ በዚያን ቀን ለየችው።

በማግስቱ እሱ ሱቁን ከከፈተ በኋላ ጥቁሩን ሻርፗን ጣል አድርጋ መናኸሪያ ሄደች።

ደሴን እንደወትሮው ጉም ሸፍኗት ነበር። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ ሹራቧን አወለቀች። እግረ መንገዷን ለዐቂል የምትለውን ታሰላስላለች፤ «ልጄ፣ ዕቃውን የሚጠቀምበትን ሳትጠይቅ አትሽጥ» ትለዋለች። ኮምቦልቻ ለሷ ሩቅ አገር ሆና ቆይታለች። ዓብደላ እዚያ መጋዘን ከተከራየ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጭነት ይመጣል እያለ በሳምንት ሦስት ሌሊት እዚያው ያድራል። በረመዳን ሳምቡሳ ጠብሳ፣ ሾርባውን በፔርሙዝ ሞልታ ታስይዘዋለች፤ እሱ ብቻውን እንዳያፈጥር፣ ለመጋዘን ልጆቹም እንዲደርስ ብላ አብዝታ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን መጋዘኑን አይቼ ልምጣ ብላው ነበር። «አቧራ ነው፣ ምን ታይበታለሽ» አላት። እውነት ነው፣ መጋዘን ምን ይታያል ብላ ተወችው።

የዐቂል ሱቅ በኦቨንና በማቀዝቀዣ ጢም ብሏል። ዐቂል ራሱ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጢሙን አሳምሮ የተስተካከለ፣ ሰላምታው ያማረ ልጅ ነው። ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። በኦቨኖቹ መካከል አለፈች። መስታወታሞቹን ገፋ አድርጋ አልፋ ጥጉ ጋ ስትደርስ አየችው።

ሰፊ ነው። ላዩ አምስት የጋዝ ምድጃ አለው፤ የድስት ማስቀመጫው ብረት ወፍራም፣ ቢጭኑበት የማይንገዳገድ። በሩን ስትከፍተው ከብዶ ተከፈተ። ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች። ሁለት ትልልቅ ትሪ ጎን ለጎን ይገባል። ለሰደቃው ዳቦ፣ ለዒዱ ኩኪስ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ። ንዴቷን ለጥቂት ጊዜ ረሳችው። ብቻዋን ፈገግ አለች።

«ይሄ ነው» አለች። «ይሄን ነው የምወስደው። በሐጂ ዓብደላ የተያዘውን ተወው፤ እኔ የደሴዋ ባለቤቱ ነኝ።»

የዐቂል ፊት በራ። «ማሻአላህ! እርስዎ ነዎት እንዴ? አህለን ወሰህለን! ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ፣ እናቴ። የእርስዎማ ተቀምጦልዎታል።» ከግድግዳው ጋር የተደገፈውን ካርቶን መታ መታ አደረገው። «ያኛውስ እንዴት ነው? ሠራላቸው?»

«የቱ ያኛው?»

«የታችኛው ቤት ነዋ። ራሴ ነኝ ያወረድኩላቸው፣ ከረመዳን በፊት። ወላሂ እንደ ሐጂ ያለ አላህን የሚፈራ ሰው አላየሁም። እዚሁ ቆመው ‹ሁለት አንድ ዓይነት ስጠኝ፣ በቀለም እንኳ እንዳይለያዩ። አንዷን ከአንዷ ካበላለጥኩ የቂያማ፣ የፍርዱ ቀን ጎኔ ተዘንብሎ ነው የምቀሰቀሰው› አሉኝ። ስንቱ ነው እንዲህ የሚያስብ?»

አንዷን ከአንዷ።

ሸፊቃ እጇ የኦቨኑ በር ላይ እንዳለ ቀረ። ዐቂል ፊቷን አየ። «እትየ… እኔ… እርስዎ የሚያውቁ…»

እንዲህ ያለ ነገር የሰማች ሴት ትወድቃለች ይላሉ። ሸፊቃ አልወደቀችም። እግሯ እንደውም መሬቱን ጠንክሮ ረገጠ። የሳምንቱ ሦስት ሌሊት፣ አቧራማው መጋዘን፣ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ድንገት የታሰበላት ደም ግፊት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ያቃጠላት ሚስት መጨመሩ ብቻ አይደለም፤ እሱ ያቃጥላል፣ ማንን አያቃጥልም። ሸሪዓው ግን የፈቀደለትን ነገር በፊት ለፊት በር ገብቶ መንገር ሲችል እንደ ሌባ በጓሮ ዞረ። ዓይኗን እያየ ዋሻት። ከዚያ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለኦቨኑ እኩልነት ተጨነቀ! ምላሱ ሁለት ሲሆን ያልፈራውን አላህ በኦቨን ቀለም ፈራው።

«ጫነው» አለች።

«የቱን?»

«የኔ ነው ያልከውን። ካርቶኑን። ወደ ታችኛው ቤት።»

«እናቴ፣ ይተዉ፣ ለሐጂ ልደውል…»

«እስኪበቃህ ደውል። መጀመሪያ ግን ጫነው።»

ዐቂል ጫነው። ምን ያድርግ። ካርቶኑ በጭነት ባጃጅ ላይ ታሰረ፤ ሸፊቃ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ የቦርከናን ወንዝ ተሻግረው ወደ ታች ወረዱ። መንገድ ላይ ለሴትዮዋ የምትላትን ስድብ አዘጋጀች። ብዙ ነበር፤ አንዳንዱን ከወጣትነቷ ወዲህ አስባው አታውቅም። የቤት ሌባ። ባል ቀማኛ። ባጃጁ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመ። ሾፌሩ ሳያንኳኳ ራሷ በመዳፏ በሩን ደበደበችው።

የከፈተችው ሴት ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ልብስ ስታጥብ ነበር፤ ክንዷ አረፋ ነው። ሸፊቃን አየቻት። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቀጥሎ ያልታሰበ ነገር አደረገች። ፊቷ በደስታ ፈካ።

«እትየ ሸፊቃ! ያ አላህ! እርስዎ ነዎት?» ብላ የሸፊቃን እጅ ይዛ ሳመችው። «ፎቶዎን አይቻለሁ። ይግቡ፣ ይግቡ! እግርዎ ተሻለዎት?»

ስድቡ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። «እግሬ ምን ሆነ?»

«በእግርዎ ምክንያት አይደል መውረድ ያልቻሉት? ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ ‹ልሂድና ልዘይራቸው› እለዋለሁ፤ ‹አብሽሪ፣ ሲሻላት ራሷ ትመጣለች› ይለኛል።»

ዊዳድ ነው ስሟ። የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ የፊት ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ነበር። ኒካዋ፣ የጋብቻ ውሏ፣ የታሰረው እዚያው ደጋን ነው። ከመታሰሩ በፊት «ትልቋ ካልፈቀደች አልገባም» ብላ እንደነበረ፣ ሐጂ ዓብደላም ከደሴ ተመልሶ «ፈቅዳለች፣ መርቃሻለች» ብሎ እንዳበሰራት፣ ውኃ እየቀዳች፣ ትራስ እያስተካከለች ባንድ ትንፋሽ አወራችው። ሸፊቃ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማች። የምትጮህበት ሰው አጣች።

«ጣፋጩ፣ ሀላዋውስ ጣፈጠዎት?» አለች ዊዳድ። «ለዒዱ የላክሁልዎት?»

ሀላዋ። ሸፊቃ አስታወሰችው። ዓብደላ «አንድ ደንበኛ የሰጠኝ ነው» ብሎ አምጥቶት፣ እሷ ለጎረቤት ሁሉ አዙራ «እንዲህ ያለ እጅ ይባረክ» እያለች አሞግሳው ነበር።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ። የእርስዎን ሳምቡሳ ስበላ የምመልሰው አጥቼ። ረመዳንን ሙሉ እኮ በእርስዎ እጅ ነው ያፈጠርነው፣ ጀዛኩሙላህ ኸይር።»

ያፈጠርነው። ሸፊቃ ያኔ ነው ልቧ የተቆረጠው። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ጀምሮ እሳት ፊት ቆማ፣ ሦስት ዓይነት ቅመም ቀላቅላ፣ ባሏ ብቸኛ እንዳይሆን ብላ የጠበሰችውን ሳምቡሳ እሱ እዚህ፣ በዚህ ምንጣፍ ላይ፣ ከዚህች ሴት ጋር ተቀምጦ በልቶታል። ለመጋዘን ልጆቹ ይድረሳቸው ብላ ያበዛችውን። እሷ ራሷ በዚያ ሰዓት ደሴ በሻማ ብቻዋን በቴምር ታፈጥር ነበር። እንባዋ መጣ፤ በንዴት መልሳ ዋጠችው።

«አልፈቀድኩም» አለች።

«አቤት?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ስላንቺ የሰማሁት ዛሬ ነው፤ ከባለ ሱቁ። እግሬም ደህና ነው።»

ዊዳድ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሸፊቃ ፊቷን መረመረችው፤ ውሸት ብታገኝበት በወደደች። አላገኘችበትም።

«ወላሂ አላወቅሁም» አለች በመጨረሻ ዊዳድ። «በአላህ ይሁንብኝ አላወቅሁም።»

ሾፌሩ ካርቶኑን በር ላይ አድርሶ የት ላድርገው አለ። ሸፊቃ «አስገባው» አለችው። ሲያስገባ ከኮሪደሩ ጥግ ሌላ ካርቶን ቆሟል። ያው ልክ፣ ያው ሥዕል፣ ቴፑ እንኳ አልተቀደደም። ላዩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተቀምጦበታል።

«ለምን አልከፈትሽውም?» አለች ሸፊቃ። «ከረመዳን በፊት ነው የመጣው አሉኝ።»

«‹የትልቋ ኦቨን ሳይደርሳት አትንኪው፣ ሐራም ይሆንብኛል› አለኝ። እስካሁን በከሰል ነው የምሠራው።» ዊዳድ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔማ እሱን አልፈለግኩትም ነበር። መብራቱን ያውቁታል። ባለ ጋዙን ስለው ‹ይሄን የመረጠችው ሸፊቃ ናት፣ ከሷ የተለየ ልገዛልሽ አልችልም› አለኝ። ታላቄ ናቸው፣ ምርጫቸውን አከብራለሁ ብዬ ተውኩት።»

ሸፊቃ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ ሾፌሩ ደንግጦ ሒሳቡን ከዐቂል እቀበላለሁ ብሎ ወጣ። ያኛዋ በከሰል፣ ይቺኛዋም በከሰል። አንዷ የሌላዋን ምርጫ ታከብራለች፤ የመረጠች ግን የለችም። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ጎኑ እንዳይዘነበል በሁለት ካርቶን መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሐጂ ዓብደላ የደረሰው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ዐቂል ደውሎለት፣ ከደሴ እንዴት ከንፎ እንደወረደ አላህ ያውቃል። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አንዱን እግሩን ሳተው። ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን አየ። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አየ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ድምፁ ሰልሎ።

ሰላምታ ነውና ሁለቱም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱለት። ራሱ ጀመረ።

«ሸፊቃ፣ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። እንዳትጎጂ ብዬ ነው። ሸሪዓው እንደሆነ ይፈቅዳል…»

«ስለ ሸሪዓው አልጠየቅሁህም!» ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «ዲኑን መደበቂያ አታድርገው። እኔን ዋሸህ፣ እሷን በስሜ ዋሸሃት። ያልሰጠሁትን ፈቃድ ሰጠህ፣ ያልመረጥኩትን ዕቃ አስመረጥከኝ፣ እግሬን እንኳ አሳመምከኝ! በኔ እጅ የተሠራ ሳምቡሳ ይዘህ ስትመጣ እጅህ አልተንቀጠቀጠም?»

ሐጂ ዓብደላ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ወደ ዊዳድ ዞር አለ፤ ዊዳድ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔን ደግሞ» አለች ዊዳድ ቀና ሳትል፣ «ሰው ቤት በምርቃት የገባሁ አስመስለህ በእርግማን አስገባኸኝ። አባቴ ይህን ቢያውቅ ኒካውን ያስር ነበር? በል ንገረኝ።»

ተቀመጠ። ሲያስብ ታየ። ነጋዴ ነውና ሲጨንቀው ወደሚያውቀው ነገር ሄደ። ቀና አለ፤ ፊቱ መፍትሔ እንዳገኘ ሰው ትንሽ ፈታ ብሏል።

«እሺ» አለ። «ጥፋቴ ነው። ሁለቱንም ኦቨን እመልሳቸዋለሁ። ዐቂል እምቢ አይለኝም። ለሁለታችሁም ባለ ጋዙን አመጣለሁ። ሰፊውን። እኩል፣ አንድ ዓይነት። በዚህ ነገሩን እንጨርሰው።»

ሸፊቃ ከዚያ በፊት ባሏን ጠልታው አታውቅም። ተናዳበት ታውቃለች፣ ተቀይማው ታውቃለች። ይህን ሲላት ግን ጠላችው። አሁንም አልጠየቃትም። አሁንም እሱ ራሱ አስቦ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ አካፍሎ ጨርሶታል።

ዙሁር ተሰግዶ ነበር። ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጣጣዋል። ሐጂ ዓብደላ ዝምታዋን እሺታ መስሎት ጀርባውን ትራሱ ላይ አሳረፈና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም» አለ።

ሸፊቃ ብድግ አለች።

አስባው አይደለም። እግሯ ሳያማክራት ነው የተነሣው፤ ሠላሳ ዓመት ይህን ቃል በሰማ ቁጥር እንደሚነሣው። ቆማ ወዲያ ስታይ ዊዳድም ቆማለች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ ፊቷን ወደ ጓሮው በር አዙራ። ሁለቱ ተያዩ። ያንኛዋ ፊት ላይ ያየችው ድንጋጤ የራሷ ነበር። ሸፊቃ ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው ነገር ሁሉ፣ ሁለተኛው ኒካም፣ ሳምቡሳውም፣ ይህን ያህል አላሳፈራትም። ንዴቷ ከባሏ ላይ ተነሥቶ እግሮቿ ላይ ወረደ።

አልተቀመጠችም። ከተነሣች ወዲያ መቀመጥ አላሰኛትም። ሻርፗን ራሷ ላይ መልሳ ጣለች፤ በር ላይ ሄዳ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች።

«ሸፊቃ፣ ወዴት ነው?» አለ ሐጂ ዓብደላ።

«ዐቂል ጋ።»

«እኔ አመጣዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«በመህሬ፣ በኒካዬ በተሰጠኝ ወርቅ ነው የምገዛው» አለች ጫማዋን እያጠለቀች። «ወርቁ የኔ ነው፤ ሲዘረፍ እንኳ ቀብሬ ያተረፍኩት። ማን እንደሚሠራበትም ማንን እንደማበላበትም የምመርጠው እኔ ነኝ። አንተ እዚህም ምሳ የለህም፣ እዚያም የለህም።»

ሐጂ ዓብደላ ወደ ዊዳድ ተመለከተ። ዊዳድ ወደ ጓሮው አልሄደችም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሻርፗን አወረደች። ራሷን ስትሸፍን ፒኗ ወደቀባት።

«እትየ ሸፊቃ» አለች፣ «ይጠብቁኝ።»

ሸፊቃ አልጠበቀቻትም። አረንጓዴውን የቆርቆሮ በር ግን ሳትዘጋው ወጣች።